ከካቡ ጥግ ያለችው ትልም

እናቴ መሞቷን የሰማሁት ከርክዎል በምትባል ከተማ፣ ሱቅ ውስጥ ድንች ስመርጥ ነው። አባቴ ደወለልኝ። በመጀመሪያ ነፋሱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ መዞሩን ነገረኝ። ከዚያ ድመቷ ደህና መሆኗን። ከዚያ፣ "ድስት ጥጄ ነበር፤ መቼ እንደሚወርድ የምጠይቃት ሰው የለችኝም" አለ። እናቴ የት ሄዳ ነው አልኩት። ጠዋት ከእንቅልፏ ሳትነሳ መቅረቷን ነገረኝና፣ "ድስቱ አሮ ይሆናል" ብሎ ስልኩን ዘጋው። ድንቹን ወደ ቦታው መልሼ ወጣሁ።

ከዚህ በታች ያለው ንግግር የተደረገው ከቀብሩ በኋላ፣ የመከር ማሳረጊያው እራት ነገ ሊሆን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ኤርለንድ አባቴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በደሴቶቻችን መካከል የመንገደኛ ጀልባ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ የማያውቀው ነገር ካለ እስካሁን አልተገኘም። ታሞ ፍሌት ከድንጋዩ ካብ ወዲያ ያለው ጎረቤታችን ነው። ከብት ያረባል። አንድ ነገር ሲጠየቅ መልሱ እስኪመጣ ሻይ ይቀዘቅዛል። እኔ፣ ልጁ ራግና፣ ጥግ ላይ ተቀምጬ ድንች እልጥ ነበር።

ክላፕሾት ማለት ድንችና ኒፕ አብሮ ተቀቅሎ፣ አብሮ ተደቁሶ፣ ቅቤና ነጭ ቁንዶ በርበሬ የሚገባበት ነው። ኒፕ የሰው ራስ የሚያህል፣ ውስጡ ቢጫ የሆነ ሥር ነው፤ ከብትም ይበላዋል፣ እኛም እንበላዋለን። ከባሕሩ ወዲያ ያሉት የደቡብ ሰዎች ድንቹንና ኒፑን ለየብቻ ደቁሰው ሳህን ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸዋል፤ የተጣሉ ይመስላሉ። በሰበካችን አዳራሽ ለመከር እራት የሚቀርበው ክላፕሾት ሁልጊዜ ከእናቴ ከሜራን ድስት ነበር የሚወጣው። ዘንድሮ የአዳራሹ ሴቶች መጥተው፣ አባቴ እንዳይቸገር እነሱ እንደሚሠሩት ነገሩት። አባቴ ግን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ከሜራን ቤት ይመጣል፤ ጣዕሙም የሜራን ይሆናል" አላቸው። ከዚያ ወዲህ ድስት ሲጥድና ሲያወርድ ሰነበተ። አንዱም የሜራን አልሆነም። ታሞን የጠራው ክንዱ ስለዛለ ነው እንጂ በደህና ቀን ታሞን አይጠራም።

[ታሞ ድስቱን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ይደቁሳል። ኤርለንድ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከበላዩ ቆሟል።]

ኤርለንድ፦ ቁም። በየት በኩል ነው የምታዞረው?

ታሞ፦ ምኑን?

ኤርለንድ፦ ጨረቃን። መደቆሻውን ነዋ።

ታሞ፦ [መደቆሻውን አንስቶ ያየዋል] ወደ ታች ነው የምደቁሰው።

ኤርለንድ፦ ወደ ታች መሆኑን ድስቱም ያውቃል። እጅህ ሲዞር ግን በግራ ነው የሚዞረው፤ ከፀሐይ ተቃራኒ። ጀልባ ከወደብ ሲወጣ ከፀሐይ ጋር ይዞራል። ሙሽራ አዲስ ቤቷን ከፀሐይ ጋር ትዞራለች። ሬሳ እንኳ ከፀሐይ ጋር ነው የሚሄደው። ክላፕሾት ብቻ በታሞ ፍሌት ፈቃድ ይዙር?

ታሞ፦ ዛሬ ፀሐይ የለችም።

ኤርለንድ፦ ከደመናው ኋላ አለች።

ታሞ፦ እንግዲያው እሷም አታየኝም።

ኤርለንድ፦ ስማኝ፣ እኔ ሰው ሳይንሳዊ ነገር ሲነግሩት የሚሰማ መስሎኝ ነው የምደክመው። በቀኝ አዙር።

ታሞ፦ ግራኝ ነኝ።

ኤርለንድ፦ ይህንንም ደብቀኸን ኖረሃል ማለት ነው።

ታሞ፦ አልደበቅሁም። አብረን ነው የተማርነው።

[ኤርለንድ መደቆሻውን ይቀማውና በቀኝ በኩል ያዞራል። ክንዱን ያመዋል። መልሶ ይሰጠዋል።]

ኤርለንድ፦ በል፣ መዞሩን እንተወው። ቅመስና ፍረድ። ደግሞ ቸኩለህ እንዳትመልስ።

[ታሞ ይቀምሳል። ያላምጣል። በመስኮት ያያል። ድመቷ ገብታ፣ ዞራ፣ ትወጣለች።]

ኤርለንድ፦ እኔ ከሞትኩ መልሱን ለራግና ንገራት።

ታሞ፦ ፍሎራ ትወደዋለች።

ኤርለንድ፦ [ቀና ይላል] ተመስገን። የትኛዋ ፍሎራ? የአዳራሹን ወጥ ቤት የያዘችው?

ታሞ፦ አይደለችም።

ኤርለንድ፦ የፖስታ ቤቱ ሰውዬ እህት? እሷም ምላስ አላት።

ታሞ፦ እሷም አይደለችም።

ኤርለንድ፦ ማንም ትሁን፣ ምግብ የምታውቅ ሴት ናት። ነገ ማታ ከጎኔ ትቀመጣለች።

ታሞ፦ በአዳራሹ በር አትገባም።

ኤርለንድ፦ ሰውነቷ ትልቅ ነው? ሁለቱንም በር እንከፍታለን። ሰውን በውፍረቱ አንመልስም።

ታሞ፦ ነፍሰ ጡርም ናት።

ኤርለንድ፦ እንኳን ደስ አላት።

ታሞ፦ አምና የወለደቻቸው ጥጆች መንታ ነበሩ። ዘንድሮም እንደዚያው ይመስለኛል።

[ኤርለንድ ማንኪያውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል።]

ኤርለንድ፦ የሚስቴን ምግብ ለላም አልከው።

ታሞ፦ የሚስትህን አላልኩም። ይሄንን ነው ያልኩት።



ከዚያ አባቴ ጥፋተኛ ፍለጋ ተነሳ። መጀመሪያ ድንቹን ከሰሰ፤ ዝናብ የበዛበት ዓመት ድንች ነው አለ። ታሞ ልክ ነህ አለው። ከዚያ ውሃውን ከሰሰ፤ ታሞ ውሃውም ሊሆን ይችላል አለ። ድስቱን፣ ምድጃውን፣ ቅቤውንና ልጣጭ ታወፍራለች ብሎ እኔን በተራ በተራ አቀረበ፤ ታሞ ለሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አባቴን በዓለም ላይ ከዚህ በላይ የሚያናድደው ነገር የለም። የሚከራከረው ሰው ይፈልጋል። እናቴም በዚህ ምክንያት ታሞን አትጋብዝም ነበር።

ታሞ፦ ኒፑስ?

ኤርለንድ፦ ኒፑ ያንተ ነው። ኒፑን ከሰደብክ ራስህን ሰደብክ።

ታሞ፦ ከየት ነቀልከው?

ኤርለንድ፦ ከሰማይ። ከማሳህ ነዋ፣ ከየት ልንቀለው? አንተው አይደለህ የሰጠኸኝ? ያውም የት፣ መቃብር አፋፍ ላይ። ሬሳ ማውረጃውን ገመድ እኔ በራስጌ ይዣለሁ፣ አንተ በግርጌ ይዘሃል። ሳጥኑ ገና መሬት ሳይነካ፣ "ኤርለንድ፣ ኒፕ ካስፈለገህ ከማሳዬ ውሰድ።" ቄሱ ሰማ። አገር ሰማ።

ታሞ፦ ሌላ የምለው አልመጣልኝም።

ኤርለንድ፦ "እግዚአብሔር ያጽናህ" ይባላል።

ታሞ፦ እሱን ሌሎቹ ብለውት ነበር።

ኤርለንድ፦ አያቴ ከፍሌት ቤተሰብ እጅ ምንም አልተቀበለም። አባቴም አልተቀበለም።

ታሞ፦ በምን ነበር የተጣሉት?

ኤርለንድ፦ በካቡ። ወይም በበግ። ዋናው መጣላታቸው ነው። እኔም አልቀበልም ነበር፤ ግን ገመድ የያዘ ሰው እጁን አወናጭፎ እምቢ አይልም። ስለዚህ፣ ከሰጠኸኝ አይቀር እንዲሰማህ ብዬ ከማሳው መሐል ገብቼ ትልልቁን ለቀምኩት። የእጅ ጋሪ ሙሉ። በመስኮት ሳታየኝ አልቀረህም።

ታሞ፦ አይቼሃለሁ። ከመሐል።

ኤርለንድ፦ ከመሐል። ተቃጠልክ?

ታሞ፦ ከካቡ ጥግ ካለችው ትልም አልነቀልክም?

ኤርለንድ፦ ከሷ ምን ልሠራ? የዚያ ትልም ኒፕ ትንንሽ ነው።

ታሞ፦ እንዴት አወቅህ?

[ኤርለንድ ጨው ጨመረ። ጨው ቀድሞም ጨምሮ ነበር።]

ኤርለንድ፦ ከሩቅ ይታያል።

ታሞ፦ ኒፕ መሬት ውስጥ ነው።

ኤርለንድ፦ ግማሹ ከላይ ነው።

ታሞ፦ ግማሹ ነው።

ኤርለንድ፦ [ወንበር ስቦ ይቀመጣል] እሺ። አንተ ሰውዬ፣ ሚስቴን ቀብሬያለሁ፤ ከእንግዲህ የምፈራው ነገር ብዙ አይደለም። ልንገርህ። ብታለቅስ ፎጣው እዚያ ተሰቅሏል። በየዓመቱ፣ የመጀመሪያው ውርጭ ከወረደ በኋላ፣ አንተ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተጎልተህ መዝሙር ስታላዝን፣ እኔ ማሳህ ውስጥ ነበርኩ።

ታሞ፦ ማሳዬ ውስጥ።

ኤርለንድ፦ ጉልበቴን አሞኛል ብዬ እቀራለሁ። ሜራንና ራግና ይሄዳሉ። አንተም ያቺን ጥቁር ኮፍያህን ደፍተህ፣ እንደ ዳክዬ እያዘገምክ አቀበቱን ትወጣለህ። ኮፍያህ ከኮረብታው ወዲያ ስትሰወር ካቡን እዘላለሁ።

ታሞ፦ በዚያ ጉልበት።

ኤርለንድ፦ እሑድ እሑድ ይሻለው ነበር። ካቡን እንደዘለልኩ መጀመሪያ የማገኛት ያቺን ትልም ነው፤ ሩቅ የሚሄድ ሌባ ሞኝ ነው። አንዱን ነቅዬ አንዱን እተዋለሁ፣ ክፍተቱ እንዳይታይ። ጉድጓዱን በእግሬ እደፍናለሁ። ቅጠሉን እበትናለሁ። እዚህ ላይ አድናቆት ካለህ መግለጽ ትችላለህ።

ታሞ፦ የቀኝ ጫማህ ተረከዝ በአንድ በኩል የተበላ ነው።

ኤርለንድ፦ ምን አገናኘው?

ታሞ፦ አፈሩ ላይ ይወጣል።

[ኤርለንድ ጫማውን ያያል። እግሩን ከወንበሩ ሥር ይሰበስባል።]

ኤርለንድ፦ አንተ ምስኪን ግን ምንም አልጠረጠርክም። ሜራንም እንደዚያው። ኒፑን ጀልባው ውስጥ ደብቄ አሳድርና፣ ሰኞ ከስትሮምነስ ገበያ የመጣሁ መስዬ በጆንያ አስገባላታለሁ። "ገበያው እንዴት ነበር?" ትለኛለች። "ተወዷል" እላታለሁ።

ታሞ፦ ታምንህ ነበር?

ኤርለንድ፦ ምን ታድርግ? የዋህ ነበረች። በየዓመቱ ስትልጠው፣ "ደህና ኒፕ ነው፤ ሰውዬውን አመስግንልኝ" ትለኝ ነበር። የትኛውን ሰውዬ? የለም እኮ ሰውዬው።

ታሞ፦ ምስጋናውን አላደረስክልኝም።

[ድንቹ ከእጄ ወደቀ። ማንም አላነሳውም።]

ኤርለንድ፦ ምን አልክ?

[ታሞ ኪሱን ይፈትሻል። መጀመሪያ ሲባጎ ያወጣል። ቀጥሎ ቢላዋ። ቀጥሎ የሰናፍጭ ዱቄት የነበረባት ትንሽ ቆርቆሮ አውጥቶ ከድስቱ አጠገብ ያስቀምጣታል። ያቺን ቆርቆሮ አውቃታለሁ፤ ልጅ ሆኜ ከዚህ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ነበረች።]

ታሞ፦ ማሳው መሐል ያለው የከብት ኒፕ ነው። ትልቅ ነው፣ ውሃ ነው። ለፍሎራ ነው የምዘራው። ከካቡ ጥግ ያለችው የገበታ ኒፕ ናት፤ ዘሯ ሌላ ነው። ግንቦት ሲገባ ሜራን በመንገዱ ዞራ ዘሩን በዚህች ቆርቆሮ ታመጣልኝ ነበር። "ከካቡ ጥግ አድርጋት" ትለኛለች። አደርጋታለሁ።

ኤርለንድ፦ ማን?

ታሞ፦ ሜራን።

ኤርለንድ፦ የኔ ሜራን?

ታሞ፦ ሌላ ሜራን አላውቅም።

ኤርለንድ፦ ለምን ለራሷ ጓሮ አልዘራችውም?

ታሞ፦ ጓሯችሁን የባሕሩ ጨው ይመታዋል። ከካቡ ወዲያ በእኔ በኩል ነው የሚሆነው።

ኤርለንድ፦ ታዲያ ነቅለህ አትሰጣትም ነበር? እጅህን ምን ያዘው?

ታሞ፦ እሱን ብያት ነበር። "ኤርለንድ ካንተ እጅ የመጣ አይበላም" አለችኝ። "ከሰረቀው ግን ይጣፍጠዋል" አለች።

[ኤርለንድ ማንኪያውን አንስቶ መልሶ ያኖረዋል።]

ታሞ፦ መጀመሪያ ዓመት የሰረቅኸው የከብት ኒፕ ነበር። አንተ አላወቅህም። እሷ ቀምሳ አወቀች።

ኤርለንድ፦ መጀመሪያ ዓመት... ያኔ ገና መጋባታችን ነው። ክላፕሾቱ ውሃ ውሃ ይል ነበር።

ታሞ፦ የከብት ነዋ።

ኤርለንድ፦ እጅሽ ገና አልበሰለም ብያታለሁ። እናቴ ፊት።

ታሞ፦ እሱንም ነግራኛለች።

[ኤርለንድ ቆርቆሮዋን አንስቶ ያናውጣታል። ውስጧ የቀረ ዘር ይንሿሿል። መልሶ ያስቀምጣታል። ከዚያ ትከሻውን ያስተካክላል፤ ጀልባው መሬት ነክቶበት ተሳፋሪ እንዳያውቅበት ሲፈልግ እንደዚህ ያደርግ ነበር።]

ኤርለንድ፦ መልካም። የሚስቴን ኒፕ ነው የሰረቅሁት እንበል። ቢሆንም አንተን አታልዬሃለሁ። አንተ እዚያ ላይ ተንበርክከህ ነፍስህን ስታድን፣ እኔ እዚህ ታች ሥራዬን ሠርቻለሁ። ይህን ልትወስድብኝ አትችልም።

ታሞ፦ እኔ አላምንም።

ኤርለንድ፦ ማመን የለብህም፤ እውነት ነው።

ታሞ፦ በእግዚአብሔር ነው ያልኩህ። አላምንም። አባቴም አያምንም ነበር።

ኤርለንድ፦ ታሞ። አንተ እኮ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነህ።

ታሞ፦ ቶሎ ቶሎ ስመጣ ጊዜ ሾሙኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ።

ኤርለንድ፦ ታዲያ ያን ሁሉ እሑድ ምን ትሠራ ነበር?

ታሞ፦ አንተ እስክትሰርቅ እጠብቅ ነበር። ሜራን ናት ያለችኝ። "እሑድ ከቤትህ ውጣልኝ፤ አንተ ካለህ ካቡን አይዘልም" አለች። የት ልሂድ? እሑድ ሌላ የተከፈተ ቤት የለም።

[ኤርለንድ ወደ እኔ ያያል። እኔ ወደ ድንቹ አያለሁ።]

ታሞ፦ ስብከቱ ረጅም ነው፣ ኤርለንድ። አንዳንዱን ሦስት አራት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ቄሱ ጉንፋን ይዞት በአጭሩ ጨረሰ። ሁሉም ተነሳ። አንተ ገና ካቡ ላይ ትሆናለህ። ሜራን እጇን አወጣችና የኖኅ እንስሳት መርከቡ ውስጥ ምን ይበሉ እንደነበር ጠየቀችው።

ኤርለንድ፦ ሜራን ሰው መሐል ተናግራ አታውቅም።

ታሞ፦ ያን ቀን አሳዎቹስ አለችው። እስከ ምሳ ቆየን።

[ያን እሑድ አስታውሰዋለሁ። ርቦኝ ነበር፤ እናቴም በኮቷ እጅጌ ሥር እጄን ይዛ ትስቅ ነበር፤ በምን እንደሳቀች አልገባኝም።]

አባቴ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ተነሳና ከምድጃው አጠገብ ባለው በእናቴ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከሞተች ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም ነበር። ታሞም የሠራነውን ክላፕሾት ለከብቶቹ እንዲመች ወደ ባልዲ ይገለብጥ ጀመር፤ ያንንም በግራ እጁ።

ኤርለንድ፦ ለምን አልነገርከኝም?

ታሞ፦ ብነግርህ ትልሟን ትተዋት ነበር።

ኤርለንድ፦ እተዋት ነበር።

ታሞ፦ ሜራን ደግሞ ትልሟን ትወዳት ነበር።

ኤርለንድ፦ ዘንድሮስ? ዘንድሮም አመጣችልህ?

ታሞ፦ በግንቦት። ነፋስ ነበር፤ መሐረቧን በአንድ እጅ ይዛ ነው የመጣችው። ዘርቻታለሁ። እንዳለች ናት። ውርጩም ወርዶባታል። ማንም አልሰረቃትም።

[ሁለቱም በመስኮቱ ያያሉ። ካቡ ከመስኮቱ ይታያል።]

ኤርለንድ፦ እራቱ ነገ ነው።

ታሞ፦ ነገ ነው።

ኤርለንድ፦ አሁን "ሂድና ንቀል፤ ፈቅጄልሃለሁ" ልትለኝ ነው። ከፍሌት እጅ። ለሁለተኛ ጊዜ።

[ታሞ ያስባል። ከዚያ ይነሳና ጥቁር ኮፍያውን ከማንጠልጠያው ላይ ያወርዳል።]

ኤርለንድ፦ የት ነው?

ታሞ፦ ቤተ ክርስቲያን።

ኤርለንድ፦ ዛሬ ሐሙስ ነው።

ታሞ፦ አውቃለሁ።

ኤርለንድ፦ ዝግ ነው።

ታሞ፦ ደጁ ላይ እቆማለሁ።

ኤርለንድ፦ ዝናብ መጥቷል።

ታሞ፦ ኮፍያ አለኝ። [በሩ ላይ ዞሮ] የአጭሩን ስብከት ያህል ነው ወይስ የረጅሙን?

ኤርለንድ፦ [ጉልበቱን እያሸ] የረጅሙን። አሁንስ የምሬን ነው የሚያመኝ።

[ታሞ ይወጣል። ባልዲውን ረስቶታል። ቆርቆሮዋንም ረስቷታል፣ ወይም አልረሳትም።]

አባቴ ኮፍያው ከኮረብታው ወዲያ እስክትሰወር ከመስኮቱ አልተነሳም። ከዚያ ጆንያ ይዞ ወጣ። ካቡን ለመሻገር ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ አንድ ድንጋይም ጣለ፤ መልሶ አስቀመጠው። አንዱን እየነቀለ አንዱን ይተው ነበር። ጉድጓዱን በእግሩ ሲደፍን፣ አሁን ተረከዙን ከፍ አድርጎ በጣቶቹ ብቻ ነበር የሚረግጠው። መንገዱ ከኮረብታው ኋላ ዞሮ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከመስኮታችን የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ይታያል። ታሞ እዚያ ዝናብ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ጀርባውን ለማሳው ሰጥቶ።

አባቴ ርሶ ገባና ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ኒፖቹ ትንንሽና ድቡልቡል ነበሩ። ሁለታችንም ቆመን አየናቸው። አንድ ሰው አንድ ነገር ማለት ነበረበት።

"ገበያው እንዴት ነበር?" አልኩት።

ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ። "ተወዷል" አለ።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ድስቱ ተጠርጎ ተመለሰ። የአዳራሹ ሴቶች ለአባቴ የሜራን እጅ ነው አሉት። እሱም መደቆሻው በየት በኩል መዞር እንዳለበት ሲያስረዳቸው አመሸ። ታሞ ከአጠገቡ ተቀምጦ በግራ እጁ ይበላ ነበር።

አሁን ግንቦት ነው። ቆርቆሮዋ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ናት፤ የተረፈው ዘር ለአንዲት ትልም ይበቃል። አባቴ የሚሰርቅ እንጂ የሚያደርስ ስላልሆነ፣ በመንገዱ ዞሮ ለታሞ የሚያደርሰው ከእኔ በቀር ሰው የለም። እስካሁን አልወሰድኩለትም፤ ከወሰድኩ ቆርቆሮዋ ባዶ ትሆናለች።